የጂንካ አፈር ያቀለመው

ልጅ እያለሁ የእኛ ቤት አትክልት ሁሉ ለመንገድ የተዘጋጀ ነበር። የሌላው ሰው አበባ መሬት ውስጥ ሥር ሰድዶ ሲንዠረገግ የእናቴ ግን በየጣሳው ተተክሎ፣ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ጆሮው የወለቀ ድስት፣ ምኑም አይጣልም። ከሥሩ በሚስማር ይበሳና አፈር ተሞልቶ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጽጌረዳው ይተከልበታል። ጂንካ ደግሞ ደረቅ እንጨት ቢሰኩባት እንኳ የምታበቅል አገር ናት። ዝናቡ የማይሰስት፣ አፈሩ ቀይና ለስላሳ ነው፤ በልተን ፍሬውን የተፋነው ፓፓያ ሳንውል ሳናድር ጥላ ይሆነናል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በጣሳ አበባ ማሳደግ ምን ይሉታል? ሰፈርተኛው ይገረም ነበር፣ ግን አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ አልነበረም።

ነገሩ ዝውውር ነው። አባቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ጂንካ ሲመደብ አዲስ ሙሽራውን «ትንሽ ቆይተን እንዛወራለን» ብሎ አመጣት። ትንሽዋ ረዘመች። እኔ በዚያችው ትንሽ መሃል ተወለድኩ፣ ጥርስ አወጣሁ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ አባዬ የዝውውር ማመልከቻ ያስገባል፣ እማዬ ጣሳዎቿን ትወለውላለች፣ መስከረም ሲጠባ ዘንድሮም አልሆነም ይባላል። የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ቁም ሳጥን አይገዛም፣ ግድግዳ አይቀባም፣ የሚያፈስ ጣሪያ ከሥሩ ባልዲ ይደረግለታል እንጂ አይጠገንም፤ ልንሄድ ነዋ።

እውነቱን ለመናገር አባዬ መሄዱን እምብዛም አልፈለገውም። ለከብት ክትባት ወደ ቱርሚ ወይም ወደ ካንጋተን ይወርድና ሰንብቶ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ ማርና ወሬ ይዞ ይመለሳል። ስለ ቆላው ከብት ማውራት ሲጀምር ራቱ ይቀዘቅዝበታል። እማዬ ማሩን ትቀበለዋለች፣ ወሬውን ሳታስጨርሰው ወደ ጓዳ ትገባለች። የምትፈልገው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከቱርሚ አይመጣም።

ከጣሳዎቹ ሁሉ የሚከበረው በትልቁ የዘይት ጀሪካን የተተከለው ነው። እማዬ ከትውልድ ቀዬዋ፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ፣ አግብታ ስትወጣ አያቴ ደጃፏ ላይ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ከአገሩ አፈር ጋር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታታለች። የዚያ አበባ አንዱ ራስ ብቻ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት ያህላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ብዙ ትንንሽ አበቦች ተቃቅፈው የሠሩት ነው። ቀለሙ ሮዝ ነበር። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ሃይድራንጂያ እንደሚባል እኔ ራሴ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሰፈርተኛው «የትዕግስት እናት አበባ» ይለዋል፣ ትዕግስት እኔ ነኝ። እማዬ ደግሞ «የእናቴ አበባ» ትለዋለች። አያቴን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፣ ፎቶግራፏም አልነበረንም። ስለዚህ በእኔ ሐሳብ አያቴ ሮዝ ሴት ነበረች። ጉንጯም፣ ሻሿም፣ የምታጎርሰኝ እጇም ሮዝ ነው።

ያን ጊዜ የሸክላም የብረትም ድስት የሚፈተገው በአመድ ነው። የአመድ ውሃ ሽታ አሁን ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ ትንሽ የጭስ ትንሽ የዝናብ ይሸታል። እማዬ ዕቃ ያለቀለቀችበትን ውሃ አትደፋውም፣ በየጣሳው ታዳርሰዋለች፤ የመጨረሻውና ወፍራሙ ግን ለእናቷ አበባ ነው። ጉንዳን ያርቃል ብላ ነው እንጂ ሌላ ምንም አታስብም ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የዳዊት እናት ትኖራለች። የአሪ ተወላጅ ናት፣ ግቢዋ በእንሰትና በሙዝ ተሸፍኖ ቤቷ ከመንገድ አይታይም። ዳዊት የእኔ እኩያ ነው፤ ከተማው መሃል ባለው ሣር በሣር የአውሮፕላን ሜዳ ላይ አብረን ኳስ እንጫወታለን፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል እኛም ከብቱም አንድ ላይ እንባረራለን። እናቱ ጸጥ ያለች፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የምትዘምር፣ ቅዳሜ ገበያ ጎደሬና ቆጮ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አማርኛዋ አጭር ነው፣ አራት ቃል የሚበቃበት ቦታ አምስተኛ አትጨምርም። እማዬ ደግሞ አሪኛ ሰላምታ እንኳ አልተማረችም። ልሄድ ምን ያደርግልኛል ትላለች።

ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ጎደሬ ይልጣሉ። እማዬ ብቅ ስትል ግን አንዷ ብድግ ብላ ወንበር ታመጣላታለች። ተቀምጣ ትበላለች፣ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ሲመሽ እስከ በር ትሸኛለች። እማዬ በዚህ ወንበር ትቃጠል ነበር። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «እጄ ምን ሆነና ነው ውሃ የማያስቀዱኝ?» እያለች አባዬን ታስጨንቀዋለች። ናቁኝ ነው የምትለው። እነሱ ግን፣ ሳድግ እንደተረዳሁት፣ አልናቋትም። ጣሳዎቹን በየቀኑ ያያሉ። ዛሬ ነገ ልሄድ ነው የምትልን ሴት በሥራ ማድከም ነውር መስሏቸው ነው። እሷ ናቁኝ ስትል እነሱ አከበርናት ሲሉ ስንት ክረምት አለፈ። እድር ግቢ ብሎ አባዬ ሲለምናትም እሺ አላለችም። እድር የሚገባው እዚህ የሚሞት ሰው ነው ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ የጣሳ መንኳኳት ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ሳይ ግቢያችን ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መቆሚያ አልነበረም፣ ስለዚህ ድምፅ ሳያሰሙ ጣሳዎቹን እያነሱ ወደ አጥሩ ያሸጋግራሉ። የአባዬ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ የሰብል ባለሙያው ጋሽ በዛብህ፣ መሃል ላይ ቆሟል። አባዬ ያን ሰሞን ካንጋተን ነበር፣ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ አስቀርቶታል። ስልክ የለ፣ ምን የለ።

እማዬ በሩን ከፈተች። ጋቢዋን እንደተከናነበች ደረጃው ላይ ቆማ አየች። ጣሳዎቿ በሰው እጅ ላይ ናቸው፣ ጎረቤቱ በሙሉ እያገዘ ነው፣ የአባዬ መሥሪያ ቤት ሰውም መጥቷል። ፊቷ በራ። እኔ እናቴን እንደዚያን ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። ዓመታት ሙሉ የጠበቀችው ነገር በመጨረሻ መጣላት። አባዬ ካለበት ሆኖ መልእክት የላከ፣ መኪናው ደጅ የቆመ መሰላት። ትልቁን ጀሪካን አቅፋ ወደነበረችው ወደ ዳዊት እናት እጇን ዘርግታ ወረደች።

«ቀስ በሉ፣ የእናቴን አበባ እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

 የዳዊት እናት ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ አቀፈቻት፣ አጥብቃ። ጋሽ በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፣ የሰማሁት የእማዬን ድምፅ ነው። አያቴ ከሞተች ሰነባብታለች፣ ቀብሯም አልፏል። መርዶው መንገድ አቋርጦ እኛ ጋ እስኪደርስ ነው እንጂ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ከመርዶው ይልቅ የሚያመኝ ያ ፈገግታዋ ነው። ሰው ሁሉ አይቶታል። እድር ውስጥ ስሟ የሌለ ሴት ናት፣ ሆኖም ፀሐይ ሳይሞቅ የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ዘመድ የላትም፣ ባሏ የለም፣ ስለዚህ የዳዊት እናት የቤቱን ቁልፍ ወገቧ ላይ አሰረች። የተቀቀለ ጎደሬ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ በየሰዓቱ ይገባል። ከገበያው አካባቢ የመጡት የደገኛ ነጋዴ ሚስቶች ደረት እየመቱ ያስለቅሳሉ፣ ሲመሻሽ የዳዊት እናት ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ትዘምራለች። እማዬ ከሁለቱ መሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ትሰማለች። እኔን ዳዊት ቤት አስተኙኝ። ሙዝ እንደ ልብ ስለሚሰጡኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የለቅሶው ሰሞን አልከፋኝም ነበር።

ድንኳኑ ተነስቶ ሰው ሲቀንስ እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ጣሳዎቹ ሁሉ ታጥበው አጥሩ ላይ ተደፍተዋል፣ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃሉ። ባዶ ናቸው። ጤና አዳሙ፣ ጽጌረዳው፣ በሶብላው ቤቱን ዙሪያውን ከቦ መሬት ውስጥ ተተክሏል፣ ሥሩም በሙዝ ቅጠል ተሸፍኗል። የአያቴ አበባ ከበሩ አጠገብ ነው። ሥሩ ጀሪካኑ ውስጥ ተጠማዝዞ አልወጣ ስላለ ጀሪካኑን በቢላዋ ለሁለት ሰንጥቀውት አጠገቡ ጥለውታል። እማዬ ዓይኗን ከጀሪካኑ ስባሪ ላይ አላነሳችም። የዳዊት እናት በአጥሩ ክፍተት በኩል መጣች፣ በጭቃማ እጇ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር የሠራች መስሏት።

«የእናቴን አበባ ምን ብለሽ ነካሽብኝ?» አለቻት እማዬ።

የዳዊት እናት ደነገጠች። ከአጭር አማርኛዋ ውስጥ ቃል ስትፈልግ ቆየች። «ሊሞት ነበር እኮ፣ የትዕግስት እናት። አንቺ እያለቀስሽ ማን ውሃ ያጠጣል? ሌላ ለቅሶ እዚህ ቤት እንዳይገባ ብዬ ነው።»

እማዬ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ላይ ያለው ክፍተት ለእኔና ለዳዊት ብቻ ሆነ። ወንዙ ጎድሎ አባዬ ሲመለስ አለቀሰ፣ አብሯት ተቀመጠ፣ ይቅርታም ጠየቃት፤ መሬት ላይ የተተከሉትን አበቦች ሲያይ ግን ደስ እንዳለው ፊቱ ያሳብቅበት ነበር። ይህ ከእማዬ ዓይን አላመለጠም። ነቅላ ጣሳ ውስጥ ልትመልሳቸው ስትነሳ ሥሩ ቆስሏል፣ ዝናብ ይጠብቅ፣ ያኔ አብረን እንነቅለዋለን ብሎ አስጣላት። አባዬ ነገር ማስተላለፍ ይችልበታል።

ዝናቡ መጣ። የጂንካ ዝናብ ሲጀምር ቀዩ አፈር የሚያወጣውን ሽታ ያልቀመሰ ሰው ቢነግሩት አይገባውም፣ ልጆች ሆነን እንቅመሰው እንል ነበር፣ ቀምሰነዋልም። የአያቴ አበባ ጉልበቴ ድረስ የነበረው ትከሻዬ ደረሰ። እምቡጡ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለ ሆነ። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በሩ አጠገብ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ ከአሪ ተራሮች በላይ የሚታየውን ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ነው። ደብተሬን ጥዬ እየጮህኩ ተመለስኩ። እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፣ አየችው፣ ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋችው። ደስታዬ አፌ ላይ የቀረበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ሰፈሩ ግን ሊያየው ጎረፈ። እንዲህ ያለ አበባ በዞኑ የለም ተባለ። ከመዘምራኑ ሁለት ሴቶች መጥተው ለእሁድ ለመድረኩ የሚሆን ጥቂት ራስ ለመኑ። እማዬ በንዴት ሁሉንም ውሰዱት አለቻቸው። እነሱ ደግሞ የልግስና ቃል መስሏቸው መርቀዋት ሁሉንም ቆርጠው ሄዱ። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባዬን ስታወራው ሰማኋት። እናቷ ደጃፍ ያለው ሮዝ ነው። ከእናቷ የቀራት ያ ቀለም ብቻ ነበር፣ አሁን እሱም ጠፋ።

«እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት» አለች።

አባዬ ለሚያውቀው ነገር ሁሉ ክትባት አለው፣ ለዚህ ግን አልነበረውም። ጋሽ በዛብህን ጠርቶ አመጣው። ጋሽ በዛብህ ቁጥቋጦውን ዞሮ አየ፣ አፈሩን በጣቱ ፈርፍሮ አሸተተ፣ ከዚያ ዕቃ በምን እንደምናጥብ ጠየቀ። አበባው አልታመመም አላት። የዚህ አገር ቀይ አፈር ሰማያዊ ያደርገዋል። ጣሳ ውስጥ እያለ የአመድ ውሃ ስለምታጠጪው ነው ሮዝ ሆኖ የኖረው። አመድ ካበዛሽለት ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ከተውሽው ሰማያዊ ሆኖ ይኖራል። እማዬ አመድ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችው። አባዬ ሻይ ሲያቀርብለት እሷ ቀድሞውኑ ምድጃውን እየጠረገች ነበር።

የአንድ ቤት ምድጃ ግን ስንት አመድ አለው? ያለቀ ጊዜ እኔን በየቤቱ ሰደደችኝ፣ ለምን እንደሆነ እንዳልናገር አስጠንቅቃ። ሴቶቹ ለምን ብለው አልጠየቁም። ለሐዘንተኛ ሴት አመድ ይከለከላል እንዴ? በማግስቱ ሳንጠይቅ በተሰበረ ሸክላ፣ በአሮጌ ጎድጓዳ ሳህን፣ በቆርቆሮ እየያዙ መምጣት ጀመሩ። የዳዊት እናት ቤት አልሄድኩም ነበር፣ ተጣልተዋላ። እሷ ግን በአጥሩ ክፍተት መጥታ አንድ ጉርድ በርሜል ሙሉ አመድ በሩ አጠገብ አስቀምጣ ልትመለስ ስትል እማዬ በመስኮት አየቻት። ሰማያዊውን እንደ እሷ የወደደው ሰው አልነበረም፣ እሁድ እሁድ መዘምራኑ ከወሰዱት ላይ ጥቂት አበባ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ትሄድ ነበር። ያን ቀለም የሚያጠፋውን አመድ እሷው ተሸክማ አመጣች። እማዬ ወጥታ በርሜሉን አብራት ያዘችው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ሲገቡ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር፣ አመድ ገብቶበት እንደሆነ ነገሩኝ።

በቀጣዩ ዝናብ አበባው ሲፈነዳ ሰፈርተኛው ሁሉ መጥቶ ቆመ፣ አመዱ የሁሉም ነዋ። አንዱ ራስ ሮዝ ነው። አጠገቡ ያለው ሰማያዊ ነው። ከጓሮ በኩል ያሉት ወይን ጠጅ ሆነዋል፣ እንዲያውም አንዱ ግማሹ ሮዝ ግማሹ ሰማያዊ ነበር። ሁላችንም ወደ እማዬ ዞርን። እማዬ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስታለቅስ መስሎን የዳዊት እናት ክንዷን ያዘቻት። እየሳቀች ነበር። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት።

«አየሽው?» አለቻት፣ «እሱም እንደኔ መወሰን አቅቶታል።»

የአያቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ እማዬ ብቻዋን ወደ አገሯ ተነሳች። እኔን ትምህርት አስቀረኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ አባዬ እጁን ማውለብለቡን ረስቶ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴቶች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጆሮዬ ግን ቀጥ ያለ ነበር። አትመለስም ይላሉ፣ ስንት ዘመን የፈለገችው ነው፣ ሰው አገሩ ገብቶ በደህና ይወጣል? አባዬ በየቀኑ እንቁላል ጠበሰ። የሚችለው እሱን ብቻ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአበባው አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ያደረብኝን ፍርሃት እስካሁን አልረሳሁትም። እናቴ ከእኔና ከእናቷ ቤት አንዱን እየመረጠች እንደሆነ ገብቶኛል፣ የትኛው እንደሚበልጥባት ግን አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳዊት በአጥሩ ክፍተት ሮጦ መጣ። እናትሽ እኛ ቤት ናት አለኝ። አላመንኩትም፣ ምክንያቱም በእነሱ ቤት የዚያን ዕለት ለቅሶ ነበር፣ አብራቸው የምትኖረው የአባቱ እናት ጠዋት ሞታለች። ሮጬ ሄድኩ። እውነትም እማዬ ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ ለቅሶውን ስትሰማ ሻንጣዋን አጥር ሥር ጥላ፣ እኛ ቤት ሳትገባ፣ እኔን ሳታየኝ ቀጥታ እዚያ ገብታለች። የመንገዱን አቧራ እንኳ አላራገፈችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ የውሃ ጀሪካን ተሸክማ ግቢውን ታቋርጣለች። ዘልዬ ልጠመጠምባት ስል «ዞር በይ፣ ውሃው እንዳይደፋ» አለችኝ። ከእድሩ ሴቶች አንዷ ከድስቱ ማዶ ሆና ቶሎ በይ ብላ ጮኸችባት፣ እማዬም እሺ መጣሁ አለች። በጣም ተቀየምኳት። አጥሩን ተደግፌ ሳለቅስ ሰዎች ለሟቿ መስሏቸው ጎበዝ ልጅ አሉኝ።

ከቀብር መልስ እግሯን ታጥባ ስትቀመጥ አባዬ ስለ አገሩ ጠየቃት። ወንድሞቿ ደህና ናቸው። የእናቷ ቁጥቋጦ ደጃፉ ላይ እንዳለ አለ፣ የወንድሟ ሚስት ውሃ ታጠጣዋለች፣ ሮዝ ነው፣ እንዳለ ሮዝ። ሙት ዓመቱም በደንብ ወጣ። እሷ ግን ልትሠራ ወደ ጓዳ ስትገባ ከሩቅ የመጣሽ ነሽ፣ ደክሞሻል ብለው መለሷት። 

«ወንበር ሰጡኝ» አለች። አባዬ እግሯን በፎጣ አደረቀላት።

ዝውውሩ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ያውም ወደ ደብረ ብርሃን። አባዬ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው፣ እሷም እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። አባዬ እስኪሞት ድረስ ይህን ወሬ ለእንግዳ ሁሉ ሲያወራ እሷ ከጓዳ ሆና «ውሸቱን ነው» ትል ነበር፣ ውሸቱን ግን አልነበረም።

አሁን ጂንካን ብታዩ አታውቋትም። አስፋልት ገብቷል፣ ፎቅ በዝቷል፣ አውሮፕላኑም ከከተማው መሃል ወጥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል። ከእማዬ ቁጥቋጦ ያልቆረጠ ቤት የለም ማለት ይቻላል፣ በየእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ሰማያዊው አበባ ተተክሎ ቱሪስት አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። አመድ የለም። ሰዉ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስላል፣ ዕቃ በፈሳሽ ሳሙና ያጥባል። ለቅሶ ቤትም ምግቡ ታዝዞ ይመጣል፣ የላስቲክ ወንበር ተከራይቶ ይደረደራል፣ ሁሉም ተቀምጦ ስልኩን ያያል። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከጎኔ ያለው ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር ብትጠይቁኝ ስሙን አላውቅም፣ መኪናውን ነው የማውቀው። ክፉ ሰዎች ሆነን አይመስለኝም፣ የሚያገናኘን ሥራ አጥተን ነው።

ባለፈው ዝናብ እማዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ጥላና ብርሃን ትለያለች እንጂ ቀለም አታይም። በረንዳው ላይ አስቀምጫት ፀሐይ ስትሞቅ አበባው መፈንዳቱን በመዓዛው ነው በድምፅ፣ እንጃ፣ በሆነ ነገር አወቀች። ዘንድሮ ምን ሆኖ ወጣ ስትል ጠየቀችኝ። ወደ ቁጥቋጦው ዞርኩ። አንድ ሮዝ ቅጠል እንኳ አልነበረበትም፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው። ጥቂት አመነታሁ። አታየውም፣ ሮዝ ነው ብላት ማን ይከሰኛል? ለዚያ ቀለም ስንት እንዳለቀሰች የማውቅ እኔ ነኝ። ግን እናቴን ዋሽቻት አላውቅም።

«ሰማያዊ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» ብላ ተቆጣችኝ፣ እጇንም ወደ አበባው ዘረጋች። አንዱን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጌ አስያዝኳት።